የኦቦ ሁንዴ ሠላሳ ሁለት ቃጫዎች

ጡረታ የወጣሁት ዘንድሮ ጥር ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ክበቡ ውስጥ ሰብሰብ ብለው፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ አንድ ትልቅ ጃንጥላ ሸለሙኝ። ጃንጥላው ጥሩ ነው፤ ለአዳማ ፀሐይ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። የአስተዳደር ኃላፊዋ ስለ እኔ ስትናገር «ወይዘሮ ብርቅነሽ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ግቢ ሲያስውቡ ኖረዋል» አለች። ሠላሳ ስድስቱ ዓመት ልክ ነው። ግቢው ግን አንድ አልነበረም፤ ማስዋብ የተባለውም አንዳንዴ ማበላሸት ነበር። ሰው ሲሸኝ ንግግሩ አይታረምምና አጨብጭበው ሲጨርሱ አመስግኜ ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ በእኔ ቦታ የተተካችው ሂሩት ደወለችልኝ። ኮሌጅ የተማረች፣ ደብተሯን ከእጇ የማትለይ ልጅ ናት።

«እትዬ ብርቄ፣ ቃጫዎቹን በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የሚያጠጧቸው?»

«በሳምንት አላጠጣቸውም።»

«እሺ፣ በወርስ?»

«እሱ እንደ ወሩ ነው» አልኳት።

ደብተሩ ላይ ምን ብላ እንደምትጽፈው ግራ እንደገባት ታወቀኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ለእሷ በአንድ ቁጥር ልነግራት ያልቻልኩትን ነገር እኔ ከማን፣ እንዴት እንደተማርኩት ሳስብ ዋልኩ። ይህን መጻፍ የጀመርኩትም በዚያው ሰሞን ነው።

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው፤ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት እንላት ነበር። ወላጆቼ ከመንዝ የመጡ ናቸው። በሃያ አራት ዓመቴ፣ ባለቤቴ የጭነት መኪና ይዞ ወደ አሰብ ሲመላለስ፣ እኔ ወለንጪቲ ባለ አንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነበር። ቀድመው የገቡት ፓፓያና ማንጎ ደረሳቸው፤ ከዚያ የቀሩት የባሕር ዛፍና የግራር ችግኝ። እኔ መጨረሻ የመጣሁት ወደ ጣቢያው ጓሮ፣ ድንጋይና እሾህ ወዳለበት ተላክሁ። እዚያ ቃጫ ነበር የሚራባው።

ቃጫን ብዙ ሰው የሚያውቀው በገመዱ ነው። ተክሉን ሲያይ ደግሞ ከእሬት ጋር ያምታታዋል። ቃጫ ቅጠሉ ወፍራምና ረጅም፣ ከመሬት እንደ ጽጌረዳ አበባ ዙሪያውን ተዘርግቶ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ መርፌ የመሰለ እሾህ ያለው ነው። ለዓመታት ያድግና በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ግንድ አውጥቶ ይሞታል። እስከዚያው ከሥሩ ዙሪያ ትንንሾች ያወጣል፤ እኛ ልጆች እንላቸዋለን። እናቴ ምን ላይ እንደተመደብኩ ስነግራት «ሰው እሾህ ይነቅላል እንጂ ይተክላል?» ብላ አዘነችልኝ።

የጓሮው ኃላፊ ኦቦ ሁንዴ ነበሩ። ያኔ አምሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ስምጥ ሸለቆ ተወላጅ ሁሉ ጥርሳቸው በውሃው የቡናማ ቀለም የያዘ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ስሜን ሳይጠይቁ «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣

«ነገ ካልሲ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

«ለእግሬ?»

«ለእጅሽ።»

ጫፉ የተቆረጠ የወንድ ካልሲ እስከ ክርን ይጠለቃል ማለታቸው ነበር። የቃጫ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ያሳክካል፤ ለሦስት ቀን ያህል እንቅልፍ ይነሳል። ጓንት የሚባል ነገር በጥያቄ ወረቀት ላይ እንጂ በመጋዘን አልነበረም። እኔም ካልሲዬን እስከ ጡረታዬ ድረስ አልተውኩም።

ኦቦ ሁንዴ ማስተማር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ሲሠሩ ማየት ነው። ጠዋት ሲገቡ ምንም መሣሪያ ሳያነሡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጓሮውን አንድ ዙር ይዞሩታል። ሰላምታ እንኳ የሚሰጡት ዙሩን ከጨረሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ኩራት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው፣ ከትናንት የተለየውን ነገር እየፈለጉ ነው፤ የተኮማተረ ቅጠል፣ ምስጥ የሠራው አፈር፣ ፍየል የገባችበት ቀዳዳ።

ውሃ ማጠጣት ያለበት መቼ እንደሆነ የሚያውቁት በቀጭን ደረቅ የግራር እንጨት ነበር። እንጨቱን ከተክሉ ራቅ አድርገው እስከ ክንዳቸው ግማሽ መሬት ውስጥ ይሰዱትና ይመዙታል። አፈር ከያዘ «ጠጥታለች» ብለው ያልፋሉ። ንጹህ ሆኖ ከወጣም ወዲያው አያጠጡም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምራሉ። «ይቺ በጥማት ስትሞት አላየሁም» ይሉ ነበር። «ስታጠጧት ነው የምትሞተው።»

ተክል ሲያዛውሩ ፀሐይ የምትወጣበትን ጎኑን በኖራ ነጥብ ያደርጉበታል። አዲሱ ቦታ ላይ ሲተክሉት ነጥቡ እንደ ድሮው ወደ ምሥራቅ መዞር አለበት። ጥላ የለመደ ጎኑ በድንገት ለወለንጪቲ የከሰዓት ፀሐይ ከተሰጠ፣ እንደ ሰው ቆዳ ይቃጠልና ጠባሳው አይለቅም። ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያሉትን ደግሞ የእሾሃቸውን ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ይከረክሙ ነበር። ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ጥፍር መቁረጫው ከመክፈቻቸው ጋር ታስሮ ይኖራል።

ከሁሉም በላይ የሚጠነቀቁት ልጆቹን ከእናታቸው ሲለዩ ነበር። ቢላዋውን እሳት ላይ ያሳልፉታል። ከእናቲቱ ጋር የሚያገናኘውን ሥር በአንድ ምት ይቆርጡታል፤ መጋዝ የመሰለ አቆራረጥ አይወዱም። ከዚያ ልጆቹን ጣራ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ቁስላቸውን ወደ ላይ አድርገው ይደረድሯቸዋል። ቁስሉ ቅርፊት እስኪያበጅ ድረስ መሬት አያዩም፤ አሥር ቀን፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። አንድ ቀን እኔ በአራተኛው ቀን ልተክል ስል እጄን ያዙኝ።

«ሱታ» አሉኝ። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። «ቁስል ይዘሽ እርጥብ አልጋ ላይ ትተኛለሽ? እሷም እንደዚያው ናት።»

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ኦሮምኛ ከእሳቸው ተማርኩ፤ ልጅ ስወልድ፣ ባሌ ከአሰብ መንገድ ሳይመለስ ሲቀርብኝ፣ እናቴን ስቀብር እሳቸውና ባለቤታቸው ነበሩ የመጡልኝ። ቋሚ ሠራተኛ የሆንኩበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሦስት ማኅተም ነበረበት፤ ኦቦ ሁንዴ ማኅተሞቹን ቆጥረው «አንዱ ለካልሲሽ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ሻሸመኔ ተዛወርኩ። አራት ዓመት ቆየሁ። ሻሸመኔ ዝናብ አለ፤ አፈሩ ጥቁርና ጥሩ ነው፤ የተተከለው ሁሉ ይበቅላል። ከወለንጪቲ ይዣቸው የሄድኳቸው ቃጫዎች ግን በአንድ ክረምት ወገባቸው ለሰለሰ። እዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር ከምሬ፣ ጉብታ ሠርቼ፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ መትከል የለመድኩት። አለቃዬ ጽጌረዳ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ጉብታዬን ባዩ ቁጥር «ይህን መቃብር መቼ ነው የምታነሺው?» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ላይ ቃጫዎቹ ሳይበሰብሱ ሲወጡ መቃብር ማለታቸውን ተዉ። ከዚያ ልጆቼ ለትምህርት ሲደርሱ አዛውሩኝ ብዬ አመለከትኩና አዳማ ወዳለ ሌላ መሥሪያ ቤት ግቢ ተመደብኩ። የቀረው ዘመኔ እዚያው አለቀ።

አሁን ወደ ማልወደው ክፍል ልግባ።

መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሕንፃ አስገነባ። ከፊቱ ሰፊ ባዶ መሬት ነበር፤ አዳማ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሣር አይታሰብም። ኃላፊያችን አቶ ታደለ ይባላሉ፤ ፈጣን፣ ሥራ ወዳድ፣ ቁጭ ብለው ሲበሉ አይቻቸው የማላውቅ ሰው። ጠርተውኝ «ውሃ የማይፈልግ አትክልት አውቃለሁ ብለሽ ነበር» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። «ምረቃው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ፊት ለፊቱ ባዶ እንዳይሆን።»

በዚያው ቅዳሜ ወለንጪቲ ሄድኩ። ኦቦ ሁንዴ ያኔ ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸውን ቀብረው፣ ከልጃቸው ከጫልቱ ጋር ይኖሩ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ትልቅ ቃጫ ነበረች፤ ቅጠሏ አመድማ ሰማያዊ፣ ስፋቷ ከአልጋ የሚበልጥ። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ግቢ የጣት ያህል ሳለች ያመጧት ናት። እንደ እሷ ያለ ቀለም ጣቢያችንም ውስጥ አልነበረም። በዓመታት ውስጥ የወለደቻቸውን ልጆች ኦቦ ሁንዴ ዙሪያዋን ለቀው አሳድገዋቸው ነበር። ስለ ሕንፃው ስነግራቸው ብዙም አላሰቡም።

«ሁሉንም ውሰጂ» አሉኝ።

«ሁሉንም? ለእርስዎስ?»

«እናቲቱ አለችልኝ። እሷ ሌላ ትወልዳለች። እኔ እዚህ ከፍየል ጋር ስጣላ ከምውል፣ ሰው በሚያያቸው ቦታ ይሁኑ።»

ቢላዋ ይዘን ከሰዓቱን ሙሉ ሠራን። ሠላሳ ሁለት ሆኑ። የሚኒባሱ ረዳት ከላይ ጭኖ ሲያስርልኝ ኦቦ ሁንዴ በመስኮቱ በኩል «አሥር ቀን ጥላ፣ ከዚያ በኋላ መሬት» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ግቢው ውስጥ በገልባጭ መኪና ጥቁር አፈር ተገልብጧል። ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ሊጥ፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን። አቶ ታደለ በአፈሩ ደስ ብሏቸው ቆመዋል።

«ዛሬ ትተክያቸዋለሽ» አሉኝ።

«አቶ ታደለ፣ ገና አልደረቁም። ቁስላቸው መድረቅ አለበት።»

«ተክል ይጠጣል እንጂ ይደርቃል እንዴ?»

አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ማንም አፌን አልያዘኝም ነበር። «አይሆንም፣ ለምረቃው ማሰሮ ውስጥ ሌላ ነገር እናስቀምጥ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የግቢ ውበት ኃላፊ አደርግሻለሁ ብለውኝ ነበር፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ግን እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ እኔም እንግዶቹ እንዲያዩልኝ ጓጉቼ ነበር። ሠላሳ ሁለት ሰማያዊ ቃጫ በጥቁር አፈር ላይ ተሰልፎ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ፤ አማረኝ። በዚያው ቀን ተከልኳቸው። በየቀኑ ጠዋት የውሃ ቦቴ እየመጣ ይረጭባቸው ነበር፤ እሱንም አልከለከልኩም።

ምረቃው አማረ። እንግዶቹ ቃጫዎቹ አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሡ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ሹመቱም መጣ። ከዚያ ሐምሌ ገባ።

መጀመሪያ የታችኛው ቅጠላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ መሰለ። ቦታ እየለመዱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ ቢጫ ሆነ። አንድ ማለዳ ዝናብ ካባራ በኋላ ግቢው ውስጥ የከረመ ሊጥ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያዋን ቃጫ በሁለት እጄ ያዝኩ። ለመንቀል ኃይል አላስፈለገኝም፤ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ተነጥላ እጄ ላይ ቀረች። ከታች ሥር የሚባል የለም፤ ቡናማ ውሃ ብቻ። ሁለተኛዋን ያዝኩ። ሦስተኛዋን። የጥበቃው ሠራተኛ ጋሽ ሽፈራው ከበሩ ሆኖ ያየኝ ነበር። አምስተኛዋ ላይ ስደርስ መጥቶ «ተይው ይብቃሽ፤ ነገም አለ» አለኝና ከጭቃው ውስጥ ደግፎ አነሣኝ።

ለኦቦ ሁንዴ መንገር ነበረብኝ። አንዷን የበሰበሰች ቃጫ በፌስታል ጠቅልዬ ወለንጪቲ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጫልቱ ደጃፉ ላይ ጤፍ ታበጥራለች። ፌስታሉን ፈትቼ ሰጠኋቸው። አገላበጡት።

«ስንት ቀን አደረቅሻቸው?» አሉኝ።

«አምስት» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ኦቦ ሁንዴ ታችዋን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና ወደ እኔ አዞሩት።

«አምስት ቀን የደረቀ ቁስል ቅርፊት አለው። ይቺ የላትም።»

የጫልቱ ሰፌድ ቆመ።

«አላደረቅኳቸውም» አልኩ። «ሰኞውኑ ተከልኳቸው። በዋልካ። በየቀኑም ውሃ ጠጥተዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ድክም ያላቸው ይመስላሉ።

«እኔም ስንቱን አበስብሻለሁ» አሉኝ። «ተክል ነው፣ ይበሰብሳል። አምስት ያልሽው ግን ለምንድን ነው?»

ፌስታሉን መልሼ ጠቀለልኩት። ተነሥተው ቤት ገቡ። ጫልቱ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለፋሲካም ለገናም ስደውል፣ ስልኩን አንሥተው «ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው?» ይሉና ለጫልቱ ይሰጧታል። ይህ ወደ ሁለት ዓመት ቀጠለ።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ካልሲዬን አጥልቄ የቀሩትን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከሠላሳ ሁለቱ ውስጥ ስድስቱ ብቻ መሃላቸው ነጭ ነበር። የበሰበሰውን ክፍል ነጩ ሥጋ እስኪደርስ ቆረጥኩት፤ በእያንዳንዱ ምት ቢላዋውን በእሳት አሳለፍኩት። ቁስሉን በተነፋ የከሰል አመድ ነሰነስኩትና በሽቦ አስሬ መጋዘኑ ጣራ ሥር ሰቀልኳቸው። ሰው ሁሉ ሥጋ የሰቀልኩ ይመስል እያየ ያልፋል። ሃያ ሁለት ቀን ተሰቀሉ። ከዚያ የብሎኬት ማምረቻዎች ከሚጥሉት ፑሚስ፣ ቀላሉን ነጭ ጠጠር ለምኜ በቆርቆሮ ሞላሁና ተከልኳቸው። አራቱ ሞቱ። ሁለቱ ያዙ። ሁለቱን ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው።

ከዚያ አቶ ታደለ ቢሮ ገባሁ። እርጥብ ቁስል መትከል እንደሌለበት እያወቅሁ እንደተከልኩ፣ ዋልካው መነሣት እንዳለበት፣ ለሌላ ተከላ ደግሞ ሁለት ወር እንደሚያስፈልገኝ ነገርኳቸው። ካልሆነ ሹመቱን ይውሰዱት አልኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጥድፊያው የእኔ ነበር» አሉ። «ያን ቀን ስቀልድ አንቺም ስትስቂ፣ ቀላል ነገር ነው ብዬ ነው።»

«ቀላል አልነበረም።»

«ሁለት ወር ብትይ ሦስት እሰጥሻለሁ። ግን ከዚህ በኋላ አይሆንም የምትይውን ነገር አይሆንም በይኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ለአለቃ አይሆንም ማለት ከብዶኝ አያውቅም። ዋልካውን ሠራተኞች ለጓሮ አትክልታቸው እየተሻሙ ወሰዱት። በምትኩ ፑሚስና ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከምረን እንደ ሻሸመኔው ጉብታ ጉብታ ሠራን። መንገድ ዳር ከሚያድገው ተራው ቃጫ ልጆች ለየሁ፤ በጥላ ደረደርኳቸው፤ በኖራ ምሥራቃቸውን ምልክት አደረግሁ። በመሃል በመሃሉ ቀይ የሚያብብ እሬት ገባ። አቶ ታደለ በየጠዋቱ መኪናቸውን ሲያቆሙ «ገና ነው?» ይሉኛል፤ «ገና ነው» እላቸዋለሁ። አንድም ቀን አልጨቀጨቁኝም።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ጫልቱ ደወለችልኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ እናቲቱ ግንድ አወጣች። እንደ ስልክ እንጨት ከጣራችን አልፋለች።»

«ሥሯ ልጅ አለ?»

«አንድም የለም። አባባ ዙሪያዋን ቆፍሮ አይቷል። ከዚያ ወዲህ እሷ ሥር ተቀምጦ ነው የሚውለው።»

ገባኝ። ኦቦ ሁንዴ ሌላ ትወልዳለች ብለው ያላቸውን ሁሉ ለእኔ ሰጥተው ነበር፤ እሷ ግን ሳትወልድ ለአበባዋ ተነሣች። ካበበች ትሞታለች። ከባቡር ጣቢያው የመጣው ያ ሰማያዊ ዘር በዓለም ላይ የቀረው እኔ ቤት፣ በረንዳዬ ላይ፣ ሁለት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ፣ ከሁለቱ ትሻላለች ያልኳትን፣ ጥቅል ጎመን ያህል የደረሰችውን አንዷን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለንጪቲ ወረድኩ። ኦቦ ሁንዴ ግንዱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከላይ ቢጫው አበባ ላይ ንብ ያለ ልክ ይጮሃል። ሰላምታ ሰጥቼ ቆርቆሮውን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። ቅጠሏን አይተው ማን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቆርቆሮውን አዙረው የኖራውን ነጥብ አዩ። ጠጠሩን በጣታቸው ቧጨር ቧጨር አደረጉ።

«ስንት ቀን?» አሉኝ።

«ሃያ ሁለት ቀን ጣራ ሥር ተሰቅላ ነበር።»

«ሃያ ሁለት?»

«ሃያ ሁለት።»

«በዛ» አሉ። «አሥራ አምስት ይበቃት ነበር።»

«ፈርቼ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። ያንን ቡናማ ጥርሳቸውን ሁለት ዓመት አላየሁትም ነበር። ጫልቱን ጠርተው «ለብርቄ ምሳ አቅርቢ፤ ከሩቅ ነው የመጣችው» አሏት። ከአዳማ ወለንጪቲ ሩቅ አይደለም። በልተን ስንጨርስ የት እንደሚተክሏት፣ ከፍየል እንዴት እንደሚያጥሩላት ነገሩኝ። ስለ ሌላው ነገር ያን ቀንም ከዚያ በኋላም አላነሡብኝም።

ሁለተኛዋን እኔ መሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ መካከለኛው ጉብታ ላይ ተከልኳት። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሥራ ሰው የሚመኛቸው ዓይነት ናቸው፤ የሚወራ ነገር ያልበዛባቸው። አቶ ታደለ ተዛወሩ፤ ሌሎች አለቆች መጡ፤ ሁሉም መጀመሪያ ላይ ሣር ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያው የውሃ እጥረት ይተዉታል። ባለጉዳዮች ተራቸውን ሲጠብቁ የጉብታው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ፤ የሙሽራዋን ቬል ጫፍ እሾህ እንዳይዝባት ጥፍር መቁረጫ ይዤ ቀድሜ የምዞረው እኔ ነበርኩ። ኦቦ ሁንዴ ከአራት ዓመት በፊት በሕመም ብዙ ሳይንገላቱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የችግኝ ጣቢያው ሴቶች፣ በሕይወት ያለነው ሁሉ፣ ተገናኘን።

የካቲት ላይ፣ ጡረታ በወጣሁ በወሩ፣ ጫልቱ ጠራችኝ። ያቺ በቆርቆሮ ያመጣኋት አሁን ከአልጋ ትበልጣለች፤ ሥሯ በልጆች ተጨናንቋል፤ መለየት አለባቸው። ካልሲዬን ይዤ ሄድኩ። ጫልቱ ራሷ አሁን የልጅ ልጅ ያላት ሴት ናት። እኔ እየቆረጥኩ፣ እሷ እየተቀበለች ጣራው ሥር ስትደረድር ስለ አባቷ እናወራ ነበር።

«ያኔ የተኳረፋችሁ ጊዜ» አለችኝ፣ «አባባ አዳማ ይመላለስ እንደነበር ነግሮዎታል?»

«የምን አዳማ?»

«ለመድኃኒት ነው እያለ ሚኒባስ ይሳፈር ነበር። መድኃኒት ግን ይዞ አይመጣም። በመጨረሻ ታሞ ተኝቶ ሳለ ነው የነገረኝ። መሥሪያ ቤታችሁ አጥር ጋ ሄዶ ይቆም ነበር። ጉብታውን ስትሠሩ፣ ጠጠሩን ስትከምሩ፣ በአጥሩ ክፍተት ሁሉንም ያይ ነበር።»

ቢላዋዬን ያዝ አደረግሁት።

«አንድ ቀን ዘበኛው ‹አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?› አለው አለኝ። ‹ምንም አልፈለግሁም፤ ልጄ እዚህ ትሠራለች፣ ሥራዋን እያየሁ ነው› አልኩት አለኝ።»

ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱም እጆቼ በቃጫ ፈሳሽ ርሰው ስለነበር ፊቴን የማብስበት ነገር አልነበረኝም። ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝና ደነገጠች።

«እትዬ ብርቄ፣ ፈሳሹ ዓይንዎ ውስጥ ገባ እንዴ?» ብላ ውሃ ልታመጣ እየሮጠች ቤት ገባች። አልከለከልኳትም።